ሳይጠሩት አቤት የሚል ማን ነው?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። እህት ቨርጂኒያ ትኖራለች፣ ወንድም አዲስ አበባ። ወንድም የወላጆቻቸውን ቤት ለመካፈል ክስ ይመሠርታል። በየእሑዱ በዋትሳፕ ያወራታል፤ ለፍርድ ቤት ግን «አድራሻዋን አላውቅም» ብሎ ቃለ መሐላ ያቀርባል። መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ይታዘዛል። ቨርጂኒያ ተቀምጦ የአዲስ ዘመንን የፍርድ ቤት ማስታወቂያ የሚከታተል ማን አለ? እህት በቀጠሮው ቀን አትቀርብም። ጉዳዩ በሌለችበት ይታያል፣ ይፈረዳል፣ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይባላል። እዚህ ግን ያልተጠራችው ሰው «አቤት አላለችም» ተብላ ተፈረደባት።

የጋዜጣ ጥሪ በራሱ ጥፋት አይደለም። ተከሳሽን በመደበኛው መንገድ ማግኘት ሳይቻል ሲቀር ሕጉ ምትክ መጥሪያ ይፈቅዳል፤ መፍቀዱም ተገቢ ነው። ልጆቹን ጥሎ ውጭ አገር የተሰወረ አባት ላይ ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ እሱ እስኪገኝ ትጠብቅ ማለት ፍትሕ መንፈግ ነው። ችግሩ ለጠፋ ሰው የተበጀው መንገድ፣ ስልኩ እየታወቀ ለተደበቀበት ሰው ሲውል ነው።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 78 መፍትሔ አለው፦ መጥሪያ በአግባቡ ያልደረሰው ተከሳሽ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። ነገር ግን በዚያች አንድ ወር ውክልና በኤምባሲ አረጋግጦ፣ ጠበቃ ይዞ መድረስ ቀላል አይደለም። ቢደረስም ቤቱ ሌላ ገዢ እጅ ገብቷል።

ይኸው ሕግ በአንቀጽ 458 የውጭ አገር ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ፣ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱ ነው። ከባዕድ ዳኛ የሚጠየቀው ከአገር ቤት ዳኛ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ሥርዓት አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በሄግ የተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ አባል አገር መጥሪያ ተቀብሎ የሚያደርስ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት እንዲሰይም ያስገድዳል፤ መጥሪያው መድረሱም በጽሑፍ ይረጋገጣል። አሜሪካና እስራኤል አባል ናቸው፤ ከአፍሪካም ግብፅ፣ ቦትስዋናና ማላዊ አሉበት። ኢትዮጵያ የለችበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኒውዮርኩን የግልግል ዳኝነት ስምምነት ስታጸድቅ ለነጋዴው በር ከፍታለች። በውርስ፣ በፍቺና በቀለብ የሚካሰሰው ተራ ቤተሰብ ግን አሁንም ደጅ ነው።

ስምምነቱን መቀላቀል ጊዜ ይወስዳል። ዳኛ ግን ዛሬውኑ ሊጠይቅ የሚችለው ነገር አለ። ከተከሳሽ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው? ስልኩን፣ ኢሜይሉን ማን ያውቃል? ከጋዜጣው ጎን ለጎን መጥሪያው በእነዚህም ይላክ። «አድራሻውን አላውቅም» ያለ ከሳሽ መዋሸቱ ሲረጋገጥ ደግሞ ኪሣራውን ይክፈል፣ ለሐሰት መሐላውም ይጠየቅ።

መጥሪያ ለመዝገብ ማሟያ የሚወጣ ወረቀት ከሆነ ፍርዱም ወረቀት ብቻ ይሆናል። ሰው ተረትቶ የሚቀበለው መጀመሪያ ሲሰማ ነው።