የታይሚንግ ቺንጋ መቼ ይቀየር?

ቤተሰቡን ጭኖ ከባሕር ዳር ተነስቶ የዓባይን በረሃ ለሚያቋርጥ አባወራ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ታይሚንግ ቺንጋ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርግ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይበጠሳል። በናፍጣ ሞተር ላይ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ ከሆንን ደግሞ መሪውም ፍሬኑም ይከብዱናል።

በአሮጌዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል፣ መቀየሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይም ማስታወሻ መብራት አለ። መብራቱ የሚያውቀው ግን የተነዳውን ርቀት ብቻ ነው። ጎማ በሙቀትና በዘይት ፍሳሽ ይጎዳል፤ መኪናዋ ቆማም ያረጃል። (ቪትዝ ያላችሁ አትጨነቁ፤ የእርሷ ሰንሰለት ነው።)

ያገለገለ መኪና ገዝተን ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ካጣን፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን የለብንም። ቆጣሪ ወደኋላ ይመለሳል። ሳንውል ሳናድር ከነኩሽኔታው እናስቀይረው። ተወኩል ግመልን ሳያስሩ መልቀቅ እንዳልሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፈን ከሊብሬው ጋር እናስቀምጥ። ስንሸጥም ወረቀቱን ለገዢው እናስረክብ፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት እንንገረው። የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ አልተፈቀደልንምና።