ካዛንቺስ ሲነሳ የቲቢው ካርድስ?

ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ክንዱ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። በሕፃንነቱ የተከተበው የቢሲጂ ምልክት ነው። ያንን ጠባሳ እያየ «እኔ ተከትቤያለሁ፣ ቲቢ አይዘኝም» የሚለው ጥቂት አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቢሲጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ሕፃናትን ወደ አንጎል ሽፋን ከሚገባውና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ ቲቢ ይታደጋል፤ ስለዚህ ማንም ወላጅ ሊተወው አይገባም። አዋቂን ግን በሳል ከሚተላለፈው የሳንባ ቲቢ በአስተማማኝ ሁኔታ አይከላከልም። ኤም72 የተባለው አዲስ ክትባት የመጨረሻውን ምዕራፍ ሙከራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ውጤቱ ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያው ሰፈርን የሚጠብቀው ክኒን ነው። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ከባዱ ርዝመቱ ነው። በጥቂት ሳምንት ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይጣፍጣል፣ ታማሚው «ድኛለሁ» ይላል። ሲያቋርጥ ግን የተረፈው ጀርም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ ለልጆቹ የሚያስተላልፈውም ያንኑ የተላመደውን ይሆናል።

የድሮዋን ካዛንቺስ አስቡ። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ፣ የጋራ ግድግዳ፣ አየር የማያስገባ ጠባብ ክፍል። ለቲቢ የተመቸ ነበር። ያው ግቢ ግን «ዛሬ ክኒንሽን ዋጥሽ?» የምትል ጎረቤት ነበረው። ጤና ጣቢያውም በእግር ይደረሳል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። አዲሱ ቤት ብርሃንና አየር ካለው ለሳንባ ይበጃል፤ ይህ አይካድም። ግን ሦስተኛ ወሩ ላይ ያለ ታማሚ ምን ይሆናል? ካርዱ ቂርቆስ፣ ቤቱ ገላን ጉራ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የታክሲው ሒሳብ ከዕለት ጉርሱ ላይ ይነሳል። አዲሱ ጎረቤት አያውቀውም፤ እሱም «ቲቢ አለብኝ» ብሎ ራሱን አያስተዋውቅም።

«የዝውውር ወረቀት አለ» ይባል ይሆናል። አለ፤ ግን የሚጓዘው በታማሚው ኪስ ነው። ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ጤና ጣቢያው አስቀድሞ ይነገረው። ላኪው ባለሙያ ለተቀባዩ ደውሎ «ደረሰ ወይ?» ይበል። ለመሸጋገሪያው የሚበቃ ክኒን ይሰጥ። አብረው ለሚኖሩ ሕፃናት የተጀመረ የመከላከያ መድኃኒትም አብሮ ይዛወር። ይህ ከአንድ ሕንፃ ግንባታ ጋር ሲነፃፀር ወጪው ኢምንት ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዝርዝር፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበረታባቸው 30 አገሮች መካከል ወጥታለች። ቲቢ ራሱ ከበረታባቸው 30ዎቹ ግን አልወጣችም። የመጀመሪያውን ድል ያመጣው በየጤና ጣቢያው ክኒኑን እስከ መጨረሻው ያስዋጠ ባለሙያ ነው። ሰፈር በተነሳ ቁጥር ያ ልፋት መና መቅረት የለበትም።

የቤት ዕቃ በአይሱዙ ይጫናል። የስድስት ወር ሕክምና የሚሻገረው ግን ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው፣ ወይም ክኒን ጀምሮ ሰፈር የቀየረ ካለ፣ ነገ ጠዋት በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ።