ጆሮም ያያል

ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ምን ታደርጋላችሁ? እንደ ብዙው ሰው ከሆናችሁ ኮታችሁን አንሥታችሁ ወደ በሩ ትጋፋላችሁ። እኔ ግን መብራቱ እስኪበራ፣ አንዳንድ ጊዜም የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ እስክትመጣ ድረስ ተቀምጬ እቀራለሁ። ጓደኞቼ ጠባዬን ስለሚያውቁ ውጭ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ይሥቁብኛልም። የምፈልገው አንድ ስም ነው፤ ሙዚቃውን የደረሰውን ሰው ስም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ልቤን በእጁ ይዞ ሲያወጣና ሲያወርድ የቆየውን ሰው ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ መለየት ነውር ይመስለኛል።

በትምህርት ቤታችን አንድ የሒሳብ መምህር አለ፤ ደግ ሰው ነው፣ ዳሩ ግን ክርክር ይወዳል። «የፊልም ሙዚቃ ማታለያ ነው» አለኝ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ። «አልቅስ ሲልህ ታለቅሳለህ፤ ፍራ ሲልህ ትፈራለህ። ራሱ ታሪኩ ካላስለቀሰህ ምኑን ጥበብ ሆነ?» መልስ አጣሁ። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ በተማሪዎቼ ላይ ልሞክረው ቈረጥሁ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለሲኒማ ክበባችን «ጆውስ» የተባለውን የ1975 ፊልም መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አሳየኋቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚታየው ውሃና የባሕር ሣር ብቻ ነው። አንዱ ልጅ «መምህር፣ ይሄ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሣቀው። ቀጥዬ ያንኑ ከነድምፁ አሳየኋቸው። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ ዝቅ፣ ሁለተኛው ጥቂት ከፍ ያለ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ እየተፋጠነ። ያው ውሃ፣ ያው ሣር ነበረ፤ የሣቀ ግን የለም። በፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እግሯን ከወለሉ አንሥታ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች።

ሙዚቃውን የደረሰው ጆን ዊልያምስ እነዚያን ሁለት ድምፆች መጀመሪያ በፒያኖ ሲያሰማው፣ የፊልሙ አዘጋጅ ስቲቨን ስፒልበርግ ቀልድ መስሎት ሥቆ ነበር። ነገር ግን ለፊልሙ የተሠራው ባለ ሞተር ሻርክ ባሕር ውስጥ ገብቶ መበላሸት ስላበዛ፣ ያልታየውን አውሬ የሚያሳይ ሌላ ነገር አስፈለገ። ይህንንም ሁለቱ ድምፆች ፈጸሙት። ለሒሳብ መምህሩ መልስ የሆነኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። በፊልሙ መካከል ሁለት ልጆች የውሸት ክንፍ ሠርተው የሚዋኘውን ሕዝብ ሲያስደነግጡ፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲሸሽ፣ ያ ዜማ አይሰማም። ዓይን ሲታለል ጆሮ እውነቱን ያውቃል። እንግዲህ ሙዚቃው አታላይ ሳይሆን ቃሉን የሚጠብቅ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣቶች ደግሞ የሚስማማ ሌላ ታሪክ አለኝ። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ሴትዮዋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምትገደልበት ቦታ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ሙዚቃውን የሚደርሰው በርናርድ ኸርማን ግን ለዚያም ቦታ ጻፈ። ከበሮም ጥሩምባም ትቶ በቫዮሊንና በመሰሎቹ ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ፣ ጩኸትና ስለት አንድ ላይ የሆኑበት የሚመስል ድምፅ አወጣ። ሂችኮክ ሲሰማው ሐሳቡን ለወጠ። የአለቃን ትእዛዝ ጣሱ አልላችሁም፤ ረቂቃችሁን ግን አዘጋጅታችሁ ያዙ። አንድ ቀን «እስቲ አሳየኝ» የሚል አለቃ ይገጥማችሁ ይሆናል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ጣልያናዊውን ኤንዮ ሞሪኮኔን ነው። እርሱና የፊልም አዘጋጁ ሰርጂዮ ሌዎኔ ሮማ ውስጥ በልጅነታቸው በአንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ መምህር ስለሆንሁ ይህ ነገር ደስ ይለኛል። በ1968 በወጣው፣ በእኛ ቋንቋ «አንድ ጊዜ በምዕራብ» ልንለው በምንችለው ፊልም፣ ሙዚቃው የተደረሰው ሥዕሉ ከመነሣቱ በፊት ነው። ሌዎኔ ተዋንያኑ ሲሠሩ ዜማውን ያሰማቸው ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ግን ሙዚቃ የለም፤ የንፋስ መዘውር ሲንቋቋ፣ ዝንብ ሲዞር፣ ባርኔጣ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል። ኋላ ክላውዲያ ካርዲናሌ ከባቡር ወርዳ የሚቀበላት ሰው አጥታ በጣቢያው ቤት ስታልፍ፣ ካሜራው በጣራው ላይ ከፍ ይላል፤ ዜማውም አብሮ ከፍ ይልና ከተማው በፊታችን ይዘረጋል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቈጠርሁም፤ ሁልጊዜ ግን ጕሮሮዬን ያንቀኛል። ሞሪኮኔ ለአንድ ፊልም ሙዚቃው የኦስካርን ሽልማት በውድድር ያገኘው በ2016 በ87 ዓመቱ ነበር፤ በ2020 ዐረፈ።

እስካሁን የተናገርሁት የኩራቴን ነው። አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር።

በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለ አሜሪካዊ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚባል ፊልም ሠራ። ቢል መሪ የሚጫወተው ብቸኛ ሰው የቀድሞ ወዳጆቹን ፍለጋ በመኪና ይዞራል። የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነው ጎረቤቱ ዊንስተን ለመንገዱ የአገሩን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሰውዬው መኪናውን አስነሥቶ ዜማው ሲጀምር ከወንበሬ ተነሣሁ። የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ነበር! ከ1969 እስከ 1974 ባሉት ዓመቶች ከተቀረጹት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ያንን ጭር ያለ የአሜሪካ መንገድ፣ ያንንም ዝምተኛ ሰው እያየሁ ስሰማው፣ ምን ያህል ጥልቅ፣ ምን ያህልም ኀዘንተኛ እንደ ሆነ ገባኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። ያስጨነቀኝ ይህ ነው፤ ይኸው ዜማ በአባቴ ቤት በካሴት ስንት ቅዳሜ ማታ ተሰምቷል! «የሽማግሌ ሙዚቃ» እያልሁ ድምፁን የምቀንሰው እኔ ነበርሁ። የገዛ ቤቴን ዜማ ለመስማት የሰው አገር ሥዕል አስፈለገኝን?

በማግስቱ ስልክ ደወልሁ። «አባባ፣ ያ ካሴት አለዎት?»

«የትኛው? አንተ ድምፁን የምትቀንስብኝ?» አለኝ።

ቅዳሜ ሄድሁ። ካሴቱ ነበረ፤ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቈይቷልና ከጎረቤት ተዋስን። የላላውን ክር በእርሳስ አጠነጠንሁት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሲያልቅ «ምን ይታይዎታል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ በዕድሜዬ ጠይቄው አላውቅም። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከደሴ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የጨርቅ ሻንጣውን ታቅፎ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለለ፤ ከውስጥ ይህ ዜማ ተሰማው። የሻይ ቤቱ ባለቤት «ግባ እንጂ ልጄ» አሉት። በአዲስ አበባ የሰማው የመጀመሪያው ደግ ቃል ይህ ነበር። «ዜማው ሲጀምር ዝናቡ ይታየኛል» አለኝ።

ለካ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልሙን ሲያይ ኖሯል። እኔም ድምፁን በቀነስሁ ቍጥር ሥዕሉን ሳጠፋበት ኖሬአለሁ።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ፊልም ስታዩ ስሞቹ ሲያልፉ ለሦስት ደቂቃ ታገሡ፤ የሙዚቃውን ባለቤት ስም አንብባችሁ ውጡ። በቤታችሁም አንድ ትልቅ ሰው አሮጌ ዜማ ከፍቶ ዓይኑን ሲጨፍን ብታዩ፣ ድምፁን አትቀንሱ፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የሚታየውን ጠይቁት።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሁኑ።