ቫምፓየሩስ ጥቁር ሆነ፤ ቀልዱ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ "ደግሞ ለቫምፓየር ኮሜዲ ምን ውክልና ምናምን ትላላችሁ? ረጅም ጥርስ፣ ቀይ ቀለም፣ ሳቅ፤ አለቀ!" አለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ቀበል አድርጋ "ያስፈልጋል እንጂ! ስንት ጥቁር እንደሚተውንበት ቁጠር" አለችው። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። እዚያ ቡናው ስለቀዘቀዘብን ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቫምፓየር ታሪክ ከጥንትም የመጤ ሰው ታሪክ ነው። ድራኩላ ማን ነው? ከትራንሲልቫኒያ ተነስቶ ለንደን የገባ፣ ሴቶቻችንን ይወስድብናል ተብሎ የሚፈራ ባዕድ። አስፈሪ አስቂኞቹ ፊልሞች ይህንኑ ፍርሃት ካባ አልብሰው፣ አነጋገሩን አጣመው ያስቁናል። ስለዚህ ጥያቄውን እኛ ከውጭ አምጥተን አልለጠፍንበትም፤ እዚያው ፊልሙ ውስጥ ነበር። የሚፈራው ማን ነው? የሚሳቅበትስ?

የቆጣሪዎቹን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው "ቫምፕ" ጃማይካ የተወለደችው ግሬስ ጆንስ የቫምፓየሮቹ አለቃ ናት። ሰውነቷን በቀለም ያስጌጠው ታዋቂው ሠዓሊ ኪት ሄሪንግ ነው። በቁጥር ከሄድን እሰይ የሚያሰኝ ነው። ግን ይህች አለቃ በፊልሙ ውስጥ ንግግር የላትም። ትጨፍራለች፣ ታገሳለች፣ ትነክሳለች። የሚቀልዱት የኮሌጅ ልጆቹ ናቸው። ጥቁር አለች? አለች። አፍ ግን አልተሰጣትም።

አሁን ደግሞ በ1972 የወጣውን "ብላኩላ" እዩ። ስሙን ሰምቶ የማይስቅ የለም። ዳይሬክተሩ ዊልያም ክሬን ጥቁር ነው። መሪ ተዋናዩ ዊልያም ማርሻል ደግሞ ሼክስፒርን በመድረክ የተጫወተ፣ ድምፁ ግርማ ያለው ሰው ነበር። ገጸ ባሕርይው አፍሪካዊ ልዑል እንዲሆን የታገለው እሱ ነው። ልዑል ማሙዋልዴ በ1780 ድራኩላ ቤተ መንግሥት የሚሄደው የባሪያ ንግድን ለማስቆም እርዳታ ፍለጋ ነው። ድራኩላ ያፌዝበታል፣ ይነክሰዋል፣ በራሱ ስም ረግሞ "ብላኩላ" ብሎ ይሰይመዋል፣ ሬሳ ሣጥን ውስጥም ይቆልፍበታል። ልብ በሉ! የምንስቅበትን ስም ያወጣለት የባሪያ ንግድ ደጋፊው ነው። ማርሻል ያደረገው ይህን ነው፤ ቀልዱን ለተሳዳቢው መለሰለት።

ታዲያ ያው ፊልም ሬሳ ሣጥኑን ገዝተው ሎስ አንጀለስ የሚያመጡትን ሰዎች ሲስል ምን አደረገ? የቤት ውስጥ አስጌጦች ናቸው፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ሁለቱም ወንዶች፣ ፍቅረኛሞች። አረማመዳቸውና አነጋገራቸው ለሳቅ ይቀርባል፣ በፊልሙ ውስጥ ይሰደባሉ፣ ልዑሉ ከሣጥኑ ሲነሳም መጀመሪያ የሚነከሱት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ፊቱን የሚያጠቁርብኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ወገኔ፣ ስለ ራሳችን ሲሆን ብቻ የምናወጣው ሚዛን ሚዛን አይደለም። ለልዑሉ የተሟገተ ፊልም ለሁለቱ ሰዎች አልተሟገተም፤ ይህንን ሳንደብቅ ነው "ብላኩላን" መውደድ ያለብን።

"ቀልድ እኮ ነው" ለሚለው ወዳጄ ደግሞ የአገሩን ነገር ላስታውሰው። ደም ባይመጥም "ይበላል" የተባለ ፍጡር እኛም አለን፤ ቡዳ እንለዋለን። ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ የሚታማው ማን ነበር? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ። ማረሻችንን የሠራው፣ ድስታችንን የሠራችው! ሲወራ ጨዋታ ነው፣ ይሳቃል፤ ጋብቻ ሲመጣ ግን "አጥንቱ ይጠና" ይባላል። ያኔ ቀልድ ነው የሚል አይገኝም። ጭራቁ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ሰው ጎረቤቱ ማን እንደሚሆንም እየወሰነ ነው።

ደግነቱ ቀልዱን መገልበጥ ይቻላል። በ2020 በኔትፍሊክስ የወጣውን የኦዝ ሮድሪገዝን "ቫምፓየርስ ቨርሰስ ዘ ብሮንክስ" ውሰዱ። ቫምፓየሮቹ ሰፈሩን የሚገዛው የሪል እስቴት ኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ የሚዋጓቸው የሰፈሩ የላቲኖና የጥቁር ልጆች። አንዷ ሱቋን ሸጣ ስትሰወር "ሸጣ ሄደች" ተብሎ ይታለፋል፤ ማንም አይጠይቅም። ሰፈሩ የፈረሰበት የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ቀልድ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ነጭ ሽንኩርቱም አለ፣ መስቀሉም አለ፣ ሳቁም አልጎደለም። የተቀየረው አንድ ነገር ነው፤ መጤው ጭራቅ ድሃው መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ ይዞ የመጣው ሆነ።

እንግዲህ ስንት ጥቁር እንዳለ መቁጠሩን ተዉትና ማን እንደሚናገር፣ ማን ላይ እንደሚሳቅ ተመልከቱ። ሳቁ ይበላሽብኛል ብላችሁ አትስጉ፤ እኔ "ብላኩላን" ይህን ሁሉ አውቄም እስቃለሁ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ከሆነ ቀጣዩ ቡና በአንተ ነው። ፊልሙን እኔ እመርጣለሁ።