የወንዝ ድንጋይም ይሞታል

የባሕር ዓሣ በቤቱ ለማርባት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ዓሣውን ሳይሆን ድንጋዩን ነው። የአኳሪየም ሰዎች «ሕያው ድንጋይ» ይሉታል። ከኮራል የተገኘ፣ ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ ነው። ሕያው ያሰኙት በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ድንጋዩ እንደመጣ ዓሣ አይጨመርበትም። በጉዞ ላይ የሞተው ነገር ሁሉ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ አሞንያ ይለቃል። ስለዚህ ውኃው በፓምፕ እየተንቀሳቀሰ፣ ድንጋዩ ለብቻው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ባክቴሪያዎቹ አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። ሁለቱ መርዞች ሲጠፉ ብቻ ዓሣ ይገባል፤ እሱም ጥቂት በጥቂት። የቸኮለ ሰው ጠዋት የሚያገኘው የተንሳፈፈ ዓሣ ነው።

ይህ ለዲላና ለይርጋጨፌ ሰው ምኑ ነው? ባሕር የለንም፤ ወንዝ ግን አለን። ወንዝ ስንሻገር እግራችንን የሚያንሸራትተው የድንጋይ ልባስ ያው ሕያው ነገር ነው። ውኃችንን ያለ ደመወዝ የሚያጣራልን እሱ ነው። ለመኖር ግን ኦክስጅን ይፈልጋል።

ጥቅምት ሲገባ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ሥራ ይጀምራሉ። ፍሬው ተፈልፍሎ ሲታጠብ ስኳሩና ሙጫው ከውኃው ጋር ይወጣል። ይህ ፍሳሽ እንዲብላላ በ1 ሊትር በሺህ የሚቆጠር ሚሊግራም ኦክስጅን ይጠይቃል። በ1 ሊትር የወንዝ ውኃ ውስጥ ያለው ግን 10 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ሕይወት ይታፈናል፣ ውኃው ይሸታል። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ እናት እንስራዋን የምትሞላው ከዚያው ነው።

«ታዲያ ማጠቢያ ይዘጋ ወይ?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! የታጠበ ቡና የጌዴኦ ገበሬ እንጀራ ነው። እኔ የምለው የአኳሪየሙ ሰው የሚያውቀውን እንወቅ ነው፦ መጀመሪያ ዝግጅት፣ ከዚያ ዓሣ። ፍሳሹ የሚያርፍበት ጉድጓድ ከወንዙ ርቆ ይቆፈር፤ ያለውም ሳይሞላ ይጠረግ። በበልግ ዝናብ የተተከለ ቬቲቨር ሣር እስከ ጥቅምት ሥር ይሰድዳል፤ በኅዳር የተተከለ ግን ለይስሙላ ነው። የማጠቢያ ውኃም ደጋግሞ ጥቅም ላይ ይዋል፤ ገለፈቱ ኮምፖስት ይሁን። ጉድጓዱና ሣሩ በዓይን ታይቶ ካልተረጋገጠ ማጠቢያው የዓመቱን ሥራ አይጀምር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል። ትክል ድንጋዮቻችንን ዓለም አወቀልን። ወንዝ ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ግን ማንም አይመዘግብልንም። እነሱን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

በሚቀጥለው ጥቅምት በአቅራቢያችሁ ካለ ማጠቢያ በታች ወርዳችሁ አንድ ድንጋይ አንሡና አገላብጣችሁ እዩ። ከማጠቢያው በላይ ያለውንም አንሡ። ልዩነቱን ለቀበሌያችሁ ንገሩ።