ሞላ ማጠንከር የመጫን አቅም መጨመር አይደለም

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጽጽቃና ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚያቀና ተሽከርካሪ ረጅም ቁልቁለትና ሸካራ መንገድ ይጠብቀዋል። ድርቅ ደጋግሞ በጎበኘው በዋግ ኽምራ ደግሞ ውኃ፣ እህል ወይም ጄኔሬተር የጫነ ተጎታች ማስከተል የኑሮ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጭነቱ የመኪናውን ኋላ ሲያስጎነብሰው የተለመደው መላ ባሌስትራ መደረብ ወይም የኋላውን ሞላ በጠንካራ መለወጥ ነው። መኪናው ቀና ሲል ችግሩ የተፈታ ይመስላል። በእኛ እምነት አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሞላ የሚተጣጠፈው በሚያርፍበት ኃይል መጠን ነው። ለምሳሌ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ያለው መኪና እንውሰድ። የተጎታቹ ማያያዣ ከኋላው አክስል 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ 100 ኪሎ ግራም ቢጫነው፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው ተጨማሪ ጭነት 100 ሳይሆን 140 ኪሎ ግራም ነው። ማያያዣው እንደ ምሳር ስለሚሠራ 40 ኪሎ ግራሙ ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሣል። መሪውን የሚታዘዙት፣ ፍሬን ሲያዝም አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ እነዚሁ የፊት ጎማዎች ናቸው።

የኋላ ሞላዎቹ ድምር ጥንካሬ በሜትር 70,000 ኒውተን ቢሆን መኪናው በዚህ ጭነት 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ጥንካሬያቸውን በእጥፍ ብናሳድገው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። ሆኖም 140ው 140፣ 40ውም 40 እንደሆኑ ይቀራሉ። የተለወጠው ቁመናው እንጂ በአክስሉ፣ በጎማውና በፍሬኑ ላይ ያረፈው ሸክም አይደለም። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጎታች መኪናውን በ1,000 ኒውተን ገደማ ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህንንም የትኛውም ሞላ አያስቀረውም።

ጠንካራ ሞላ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ጥንካሬው በእጥፍ ሲያድግ የመኪናው ተፈጥሯዊ የንዝረት ድግግሞሽ በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ተጎታቹ ተፈትቶ መኪናው ባዶውን ሲመለስ የኋላ ጎማዎች በሸካራው መንገድ ላይ ይዘላሉ፤ መሬቱን የመቆንጠጥ ኃይላቸውም ይቀንሳል። ሾክ አብዞርበሩ ከአዲሱ ሞላ ጋር ካልተመጣጠነ ደግሞ ንዝረቱ ቶሎ አይበርድም።

ይህን ስንል ሞላ ፈጽሞ አይለወጥ ማለታችን አይደለም። ዘወትር ለሚጭን መኪና፣ ጭነቱ አምራቹ ከወሰነው ልክ እስካላለፈ ድረስ፣ ተስማሚ ሞላ መምረጥ ተገቢ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መታወቅ አለበት። በመጀመሪያ ጭነቱ ይመዘን፤ በአክስሉና በማያያዣው ላይ ከተፈቀደው መጠንም ጋር ይነጻጸር። ከባዱ ዕቃ ከተጎታቹ አክስል በላይና ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከባድ ተጎታች የራሱ ፍሬን ይኑረው። ሞላው የሚመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የምሳርና የሞላ ሕግ በክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ አይደለም። ተማሪዎቻችን ሜትርና ሚዛን ይዘው በአካባቢያቸው ወዳለ ጋራዥ ቢሄዱና ስሌቱን ከመካኒኮች ጋር ቢሠሩ፣ ፊዚክስ የሰው ሕይወት ሲጠብቅ በዓይናቸው ያያሉ። መኪና ቀና ብሎ ስለቆመ ብቻ ቁልቁለቱን በሰላም ይወርዳል ማለት አይደለምና።