የሕይወት ታሪኳ ላይ ስፌቷ የለም

እምዬ አምና ስትሞት የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። «ጋዜጠኛው እያለ ማን ይጽፋል?» ተባለ። ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጬ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት። ተወለደች፣ አገባች፣ ሰባት ልጆች ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች፣ ባደረባት ሕመም ዐረፈች። ቀብሩ ላይ ተነበበ፣ ሰውም አለቀሰ። ስንመለስ ግን በዕድሜ ከእምዬ የማይተናነሱ አንዲት የሆጤ ጎረቤታችን ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ፣ ስፌቷንስ የት ጣልኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

እምዬ ስልሳ ዓመት ሰፍታለች። አክርማውን የምትመርጠው ራሷ፣ አለላውን ቀለም የምትነክረው ራሷ ነበረች። ንድፍ በወረቀት አይታ አታውቅም፤ ሁሉም በጭንቅላቷ ነው። ሰው መጥቶ «እንደዚያኛው ሞሰብ ስፊልኝ» ሲላት «ያኛውማ አለቀ፣ ሌላ ልስፋልህ» ትል ነበር። ወስፌዋን ይዛ ደግሞ ግጥም ትገጥማለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ አባባ ስንፍና (ነፍሱን ይማር)። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ የስንቱን ባለሥልጣን መግለጫ በመቅጃ ስለቅም የኖርኩ ሰው ከእሷ አንድ ስንኝ አልቀዳሁም። በጥቅምት 2014 ከተማውን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ደግሞ ቤቱ ተበርብሮ አገኘነው። የደሴ ሙዚየም እንኳ በተዘረፈበት ሰሞን የእኛ ሞሰብ ቢሄድ አይገርምም። የተረፈን አንድ ክዳን ነው።

የጎረቤታችን ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሳኝ ያስታወስኩት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ነው። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። በዚያ ሳምንት የውጭ ጋዜጦች የጻፉትን መልሼ አነበብኩት። ሁሉም የሚጀምሩት እጃቸው ከሠራው ነገር ነው፣ ከፒያኖው። እኔ ለገዛ አያቴ ያላደረግኩትን ባዕድ አደረገላቸው።

ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። የውብዳር ገብሩ ተብለው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው (ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት ስንዱ ገብሩ እህታቸው ናቸው)። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። በኋላ ካይሮ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ተስፋቸው ሲጨልም ሁሉን ትተው የመጡት ወደ እኛ ነው፣ ወደ ግሸን ማርያም። አስር ዓመት ገደማ በባዶ እግር፣ ያለ ፒያኖ አምባው ላይ ኖሩ።

ይህን አስር ዓመት ጋዜጦቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ በእነሱ አልፈርድም። የሚገርመኝ እኛ ነን። መስከረም 21 በመጣ ቁጥር ግሸን የሚወጣው ሕዝብ ስንት ነው? «ባቲና አምባሰል የእኛ ቅኝቶች ናቸው» ስንል ደረታችንን እንነፋለን። እኔ ግን አምባሰል ላይ ወጣትነታቸውን ያሳለፉ የፒያኖ ደራሲ መኖራቸውን ሳልሰማ ነው ያደግኩት። ስማቸውን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ከጓደኛዬ ፍላሽ ላይ በገለበጥኩት የፈረንሳዮች አልበም ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ፣ በእነሱ አቆጣጠር 2006 የወጣው።

«ስዊዘርላንድ የተማሩትን እማሆይ ከአንዲት ስፌት ሰፊ ጋር ልታወዳድር ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ላወዳድር ነው። በሁለቱ መካከል የማየው ትልቁ ልዩነት ወረቀት ነው። እማሆይ ኖታ መጻፍ ይችሉ ነበር፣ ጽፈውም አስቀመጡ። የንጉሡ ድጋፍም ነበራቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1967 ጀርመን ውስጥ ሸክላ አሳተሙ፣ ገቢውን ለችግረኛ ልጆች ሰጡ። ጎንደር ዜማ ሲያጠኑ ደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አይተው አንጀታቸው ተላውሶ ነበርና። ይህ ሁሉ ኖሯቸው እንኳ ዓለም በሰፊው እስኪሰማቸው አርባ ዓመት ገደማ ጠበቁ። ሸክላም ኖታም የሌላት አያትማ?

ለነገሩ ወረቀት ጠፍቶም አይደለም። አባባ ከዓመታት በፊት ሲሞት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ከሳጥን አውጥቼ አየሁት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራባቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፣ የተሸለመው የምስጋና ወረቀት ሳይቀር ተጠቅሷል። አባባ ፋብሪካ የሠራው አስራ አንድ ዓመት ነው። እምዬ ስልሳ ዓመት ሰፍታ፣ የስፌቷን ገንዘብ ለአጎቶቼ ደብተርና ጫማ አውላ፣ እኔ «የቤት እመቤት ነበሩ» ብዬ አሳለፍኳት። የጻፈው ሌላ ሰው ቢሆን በጮህኩበት ነበር። በየቀብሩ ቆማችሁ ስሙ፤ ወንዱ ምን ሠራ፣ ሴቷ ስንት ወለደች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አያት በሕይወት ያላችሁ ዛሬ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅዱ። የምትሰፋ ከሆነ፣ የምትፈትል ከሆነ፣ ሙሾ የምታወርድ ወይም መንዙማ የምታውቅ ከሆነ «ይህን ከማን ተማርሽው? ከራስሽ የጨመርሽውስ የትኛውን ነው?» በሏት። የእድር ጸሐፊዎችም የሕይወት ታሪክ ስትቀበሉ «ምን ሠራች?» ብላችሁ መልሱት። የእኛን እድር ጸሐፊ ጠይቄያቸው «ከአንድ ገጽ ካልበለጠ ችግር የለም» ብለውኛል።

የእምዬ ሙት ዓመት ሊደርስ ነው። አዲስ እየጻፍኩ ነው፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ ያንን ጥቁር ቀይ አለላ በምን እንደምታቀልመው አላውቅም። እኒያ ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ። «በስልክ አይነገርም፣ ቡና ይዘህ ና» አሉኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ መቅጃዬን ይዤ።